እሳትም ውሃም ያለበት ግቢ፦ ፎቶው ላይ የማይታየው ፊዚክስ

ሜሪላንድ የሚኖር አጎታችሁ ቤት ገዛ እንበል። ጓሮው ውስጥ ትንሽ የመዋኛ ገንዳ አለ፤ ከገንዳው አጠገብ ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ወንበር ወጥቶ የሚቀመጡበት ክፍት ቦታ። እዚያ አገር ፓቲዮ ይሉታል። አጎታችሁ ሁለት ነገር ሊጨምርበት አስቧል፦ ማታ ማታ ከበው የሚሞቁት እሳትና ቀን ቀን እየፈሰሰ ደስ የሚያሰኝ ውሃ። ከዚያ ሃያ ፎቶ በቴሌግራም ይልክና «እናንተ ሳይንስ ትማሩ የለ? እስቲ ምረጡልኝ» ይላችኋል።

ጥያቄው የአሜሪካ ጓሮ ብቻ አይደለም። ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ባሉ ሎጆችም፣ አዲስ አበባ ግቢ ባላቸው ካፌዎችም ማታ እሳት የሚያነዱ፣ በር ላይ ፋውንቴን የሚያቆሙ አሉ። ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል። ፎቶ ግን ሙቀት አያሳይም፣ ድምፅ አያሰማም፣ ሽታ የሌለውን ጋዝም አይነግራችሁም። ለአጎታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን እንያቸው።

ጉልበት ለምን ይበርደዋል?

ደመራ ዳር የቆመ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ ፊት እየተለበለበ ጀርባ ይበርዳል። ምክንያቱ እሳት ሙቀቱን የሚሰጥበት መንገድ ነው። አንዱ መንገድ የጋለ አየር ነው። የጋለ አየር ቀላል ስለሆነ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ጣሪያ በሌለበት ግቢ እናንተ ጋ አይደርስም። ሁለተኛው መንገድ ጨረር ነው። ጨረር እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል፣ አየሩን ብዙም ሳያሞቅ ያረፈበትን ነገር ያሞቃል። ስለዚህ ክፍት ቦታ ላይ የሚያሞቃችሁ ከሞላ ጎደል ጨረሩ ብቻ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የጋዝ ማንደጃዎች ጉልበታቸው በቢቲዩ ይጻፋል። በሰዓት 50,000 ቢቲዩ ማለት 15 ኪሎዋት ገደማ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ስለዚህ አራት ምጣድ አንድ ላይ እንደ መጣድ ቁጠሩት። ከዚህ ውስጥ በጨረር የሚወጣው ለቢጫ ነበልባል ከ20 እስከ 40 በመቶ ነው። 30 እንያዝ፤ 4.5 ኪሎዋት ይሆናል። ጨረሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበተናል ብለን ብናሰላ፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ በስኩዌር ሜትር 360 ዋት ገደማ ይደርሳል። 2 ሜትር ላይ ግን 90 ዋት ብቻ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለማነጻጸር ያህል፣ በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ 1,000 ዋት አካባቢ ናት። አራት ምጣድ የሚያህል ጉልበት እያቃጠልን፣ ሁለት ሜትር የራቀ ሰው የሚያገኘው ከፀሐይ አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ትልቅ ክብ፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው፣ ወንበሮቹን ራቅ የሚያደርግ ማንደጃ ፎቶ ላይ ግርማ አለው፤ ለሙቀት ግን የማይረባ ነው።

ጨረር ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ሌላም ነገር ይከተላል፦ እሳቱን የማያይ አካል አይሞቅም። እሳቱ ጥልቅ የብረት በርሜል ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሲነድ ፊታችሁ የነበልባሉን ጫፍ ያያል፣ እግራችሁ ግን የሚያየው ግድግዳውን ነው። ግድግዳው እስኪግል ጉልበት ይበርደዋል። ከነዚያ ሃያ ፎቶዎች ውስጥ ጥልቅ የሆኑትን በዚህ ብቻ መቀነስ ትችላላችሁ።

ቢጫ ያልኩት በምክንያት ነው። ነበልባልን ቢጫ የሚያደርገው ውስጡ የሚግለው ጥቃቅን ጥላሸት ነው፤ ያ ጥላሸት ነው ጨረር የሚረጨው። የወጥ ቤት ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ንጹህ ነው፣ ድስት ለማፍላት ደግሞ ከሱ የሚሻል የለም፤ ከጎኑ ለተቀመጠ ሰው ግን ብዙም አያሞቅም። የጋዝ ማንደጃ ሠሪዎች ነበልባሉ ላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ሴራሚክ የሚደረድሩት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩ ሲግል ራሱ ጨረር ይለቃል። የከሰል ፍምም በዚሁ ምክንያት ነበልባል ሳይኖረው ያቃጥላል።

እንጨትስ? የእንጨት ነገር እርጥበት ነው። ውስጡ ውሃ ያለው ማገዶ መጀመሪያ ሙቀቱን ውሃውን ለማትነን ያውለዋል፤ እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ ከእንጨቱ የወጣው ጋዝ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ያመልጣል። ጭስ ማለት ያልነደደ ማገዶ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የወረደ እንጨት ሲሆን ጭሱ በጣም ይቀንሳል። አሁን «ጭስ አልባ» ተብለው የሚሸጡት ባለ ሁለት ግድግዳ ማንደጃዎች ብልሃታቸው ቀላል ነው፦ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የሚወጣው አየር እየጋለ ሄዶ ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባና ሊያመልጥ የነበረውን ጭስ ያነደዋል። ይሠራል፣ ወድጄዋለሁ። ችግሩ ብዙዎቹ ጥልቅ በርሜሎች መሆናቸው ነው። ጭሱን አስወግዳችሁ ጉልበታችሁን ታበርዳላችሁ፤ ምርጫው የእናንተ።

ፎቶው የማያሳየው አደጋ

አጎታችሁ ከላካቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ የስኒ ረከቦት የምታህል፣ አልኮል ተጨምሮባት የምትነድ ቆንጆ ነገር ልትኖር ትችላለች። እሷን «በጭራሽ» በሉት። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በዲሴምበር 2024 (በእኛ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.) ሰዎች እንዲህ ዓይነቶቹን በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠሩ ማንደጃዎች መጠቀም እንዲያቆሙ አስጠንቅቋል፤ የሞቱም፣ ክፉኛ የተቃጠሉም ሰዎች ስላሉ።

ለምን? አደጋው የሚመጣው ሲነድ ሳይሆን ሲሞላ ነው። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን ከነጭራሹ ላይታይ ይችላል። ሰውየው «ጠፋ» ብሎ ከጠርሙሱ ይጨምራል። አሁን ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ አስቡ፦ ከታች አልኮል፣ ከላይ አየርና የአልኮል ትነት። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከንጹህ ኤታኖል በላይ ያለው ትነት ከአየሩ 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። የኤታኖል ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ ሊነድ የሚችለው ከ3.3 እስከ 19 በመቶ ሲሆን ነው። 6 በመቶ ልክ እዚያ ውስጥ ነው! ማለትም በተለመደ የአየር ጠባይ፣ ግማሽ የሆነ የአልኮል ጠርሙስ ለመንደድ የተዘጋጀ ድብልቅ ይዟል። ያ የማይታይ ነበልባል በሚፈሰው አልኮል በኩል ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ ድብልቁ በቅጽበት ይነዳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የቀረውን አልኮል እየነደደ በጠባቡ አፍ በኩል ወደ ውጭ ይተፋዋል። የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሰው ሳይሆን ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ነው።

ይህንን ያስረዘምኩት እኛም ቤት ስለሚሠራ ነው። «ከሰሉ እምቢ አለ» ተብሎ ከጠርሙስ ቤንዚን ወይም አልኮል ሲጨመር አይታችሁ ይሆናል። ፊዚክሱ ያው ነው። በነገራችን ላይ ቤንዚን የሞላበት ጀሪካን ውስጥ ትነቱ በጣም ስለሚበዛ አየሩ አንሶት ውስጥ ላይነድ ይችላል፤ ጀሪካኑ ሊያልቅ ሲል ግን ትነቱ ይሳሳና ያው የሚነደው መጠን ላይ ይደርሳል። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚለው ሰው ጀሪካኑ ሙሉ በነበረ ጊዜ የጨመረ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከሰል ሲግም፣ ከታች በኩል የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ካርቦን መካከል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ፍም ላይ አንዳንዴ የምታዩት ስስ ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ እየነደደ ነው። ያልነደደው ደግሞ ወደ እናንተ ይመጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ትንሹም ብዙ ነው። «ከሰሉ ጭሱ አልቆ ከቀላ ችግር የለውም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ጭስ አለመኖሩ ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ክፍት ግቢ ላይ ነፋሱ ያሳሳዋል። አደጋው የሚመጣው ዝናብ ሲጀምር ማንደጃውን በሸራ ወደ ተጋረደ በረንዳ፣ ወደ ድንኳን ወይም ወደ ቤት ስታስገቡት ነው። አጎታችሁ ሊገዛ ያሰበው ማንደጃ መንኮራኩር ካለው፣ ወዴት ሊገፋው እንደሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁት።

የጋዙ ማንደጃ እነዚህ ሁለቱ ይቀንሱለታል፣ የራሱ ጣጣ ግን አለው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ላይ አይበተንም፤ እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ስለዚህ ከመሬት በታች ተቆፍሮ የተሠራ የጋዝ ማንደጃ፣ ወይም ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ከታች አየር ማስወጫ የሌለው የድንጋይ ሳጥን፣ ጋዝ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ነው። ማስወጫው ከታች፣ በተቃራኒ ጎኖች መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ በባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው የሚመዝነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ማንደጃ እዚህ ሲመጣ የጋዙ ቀዳዳ ያው ሆኖ ኦክስጅኑ ያንሰዋል፤ ውጤቱ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀዳዳው በትንሽ መቀየር አለበት።

ወጪውንም ልንገራችሁ፦ 15 ኪሎዋት ማንደጃ በሰዓት ከ1 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ጋዝ ይበላል። እኛ አገር የሚታወቀው 12.5 ኪሎ ሲሊንደር በሦስት አራት ምሽት ያልቃል።

ደግሞ የወንዝ ድንጋይ አትጠቀሙ። ለስላሳ፣ ድቡልቡል፣ ፎቶ ላይ የሚያምር ድንጋይ ውስጡ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ 1,600 ጊዜ ገደማ ያድጋል፤ መውጫ ካላገኘ ድንጋዩን ፈንድቶ ይወጣል። ገንዳ ዳር ውሃ በሚረጭበት ቦታ ይሄ ነገር እጥፍ ያሳስባል።

ውሃው የሚጮኸው ለምንድን ነው?

ወደ ውሃው ስንመጣ ልቤ ትንሽ ያርፋል። ፋውንቴን የሚገዛ ሰው በዓይኑ ይመርጣል፤ ከሳምንት በኋላ ግን አብሮት የሚኖረው ድምፁ ነው።

የሚገርመው፣ የምንሰማው ድምፅ በአብዛኛው ውሃ ውሃን ሲመታ የሚፈጠር አይደለም። ውሃ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል፤ ያ አየር አረፋ ሆኖ ውሃው ውስጥ እንደ ደወል ይንቀጠቀጣል። ቤልጅግ የተወለደው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማርሴል ሚናርት በ1933 የአረፋ መጠንና ድምፅ እንዴት እንደሚያያዙ አሳየ። ራዲየሱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ በሴኮንድ 1,100 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 3,300 ጊዜ። ትንሽ አረፋ ቀጭን ድምፅ፣ ትልቅ አረፋ ወፍራም ድምፅ። በ2018 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የምታንጠባጥብ ቧንቧን «ጧ፣ ጧ» በፈጣን ካሜራ አይተው ምንጩ ከውሃው ገጽ በታች የታፈነች አንዲት አረፋ መሆኗን አረጋግጠዋል። ባልዲው ውሃ ላይ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሲጨምሩበት ድምፁ ጠፋ። ይህን ቤታችሁ ሞክሩት።

ለምርጫ ምን ይጠቅማል? አጎታችሁ የሚፈልገው የመንገዱን የመኪና ድምፅ መሸፈን ከሆነ፣ የመኪና ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ውሃ ከፍ ካለ ቦታ ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ መውደቅ አለበት፤ ትልልቅ አረፋ የሚመጣው እንዲያ ነው። ጥልቀት በሌለው ጠጠር ላይ የሚወርድ ስስ ውሃ ግን «ሽሽሽ» ይላል፤ ይሄ የሰውን ንግግር እንጂ መኪናውን አይሸፍንም። ወንበሮቹ አጠገብ ካቆማችሁት ሁሉም እየጮኸ ሊያወራ ነው።

እንደ መስተዋት ተዘርግቶ የሚወርደው የውሃ መጋረጃ ብዙ ውሃ ይጠይቃል። 1 ሜትር ስፋት ያለው መጋረጃ ሳይበጣጠስ እንዲወርድ በሴኮንድ 4 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። ያንን ውሃ 1.5 ሜትር ከፍ ለማድረግ በስሌት 60 ዋት ይበቃል፤ ትናንሽ ፓምፖች ግን ከሚወስዱት ኤሌክትሪክ ሲሶውን ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚለውጡት፤ ስለዚህ 180 ዋት ቁጠሩ። በቀጥታ ወደ ላይ የሚረጭ ፋውንቴን ደግሞ 2 ሜትር እንዲደርስ ውሃው ከአፉ በሴኮንድ ከ6 ሜትር በላይ ፍጥነት ይዞ መውጣት አለበት። ጎንደር የፋሲል መዋኛ ግን ፓምፕ የለውም፤ የቀሃ ወንዝ ከፍ ካለ ቦታ ተነሥቶ በቦይ ራሱ ይመጣል። የቦታ ከፍታ ያለው ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

የኛ አገር መሐንዲስ ሊረሳው የማይገባ ጉዳይ መብራት መጥፋት ነው። ፓምፑ ሲቆም፣ አየር ላይ፣ ቧንቧ ውስጥና ከላይኛው ገንዳ የነበረው ውሃ ሁሉ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የታችኛው ገንዳ እስከ አፉ ሞልቶ ከነበረ ንጣፉ ላይ ይፈስሳል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ውሃው ስላነሰ ፓምፑ አየር ይስብና ይቃጠላል። ስለዚህ የታችኛው ገንዳ ያንን ውሃ ሁሉ የሚቀበልበት ባዶ ቦታ ይኑረው። ቆሞ የቀረ ውሃም ከሳምንት በላይ ከቆየ የወባ ትንኝ ባይሆን ሌላ ትንኝ ያሳድጋል።

ገንዳውን የሚያሞቀው ሰው ፏፏቴ ይፈልጋል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላሰበው ወጪ አለ። 1 ሊትር ውሃ ለመትነን የሚወስደው ሙቀት፣ 6 ሊትር ገደማ በረዶ ሊሆን የደረሰ ውሃን እስኪፈላ የሚያሞቅ ነው። ውሃን አየር ላይ ስትበትኑት ደግሞ የሚተንበት ገጽ በጣም ይሰፋል። 8 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.25 ሜትር የሆነ ገንዳ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ 70 ሊትር ገደማ ብቻ ቢተን፣ ሙቀቱ በሙሉ ከገንዳው ከተወሰደ፣ ገንዳው በ1 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ያንን 1 ዲግሪ ለመመለስ ወደ 47 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ሌሊት ላይ ፏፏቴው ሲፈስ ያደረ ገንዳ ጠዋት ያንቀጠቅጣል። የዱባይ ወይም የጅዳ ነዋሪ ግን በእርጥበታማው የበጋ ማታ የቀዘቀዘ ግቢ ጠብቆ ፋውንቴን ቢያስተክል ያዝናል፤ አየሩ በእርጥበት ስለሞላ ውሃው ብዙም አይተንም። ሜሪላንድ መሀል ላይ ናት፦ ሐምሌ ላይ አየሩ ከባድ ነው፣ ጥቅምት ላይ ይደርቃል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ፏፏቴው ከገንዳው ማጣሪያ ፓምፕ የተለየ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው፤ እንግዳ ሲመጣ ይበራል፣ ሲሄድ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩን ደግሞ ባለሙያ ይሥራው፤ ገንዳ ውስጥና ዳር ያለው በ12 ቮልት ቢሆን፣ ዋናው መስመር ላይም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያ ይኑር። እርጥብ ሰው ላይ ቀልድ የለም።

የቀረው ነፋስ ነው። ፋውንቴኑ ከአፉ እስከ ገንዳው ጠርዝ ካለው ርቀት በላይ ከፍ ካለ ነፋሱ ውሃውን ውጭ ያፈሰዋል፤ ያ ውሃ የጋለ ድንጋይ ላይ ካረፈ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። አጎታችሁ ምንም ሳይገዛ በፊት፣ ዱላ ላይ ክር አስሮ ለአንድ ሳምንት ጓሮው ውስጥ ይትከልና በየማታው ወዴት እንደሚነፍስ ይጻፍ። ክሩ ከውሃው ወደ እሳቱ ከጠቆመ ቦታቸውን ያለዋውጥ። ወደ ጎረቤት መስኮት ከጠቆመ ደግሞ የእንጨቱን ማንደጃ ይተወው።